የሙሽራ ቤት ከወዳደቀ እንጨት

ድህነት አዲስ ስም እንደወጣለት ሰምታችኋል? «ራስቲክ» ይባላል። ድሮ ባልተላገ ጣውላ ላይ የተኛ ሰው ሲያዩ «ምስኪን፣ አላህ ይርዳው» ይሉ የነበሩ ሰዎች፣ ዛሬ ያንኑ አልጋ ስልካቸው ላይ አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። ሚስማሩ የዛገ ከሆነማ ጭራሽ ያብዳሉ። እኔ ጅማ መርካቶ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ የሰው ስልክ ስሞክር የማላየው ቪዲዮ የለም። በሽታውም የያዘኝ በዚያው ነው።

የያዘኝ ደግሞ ላገባ ስል ነው። እጮኛዬ ሰሚራ የሊሙ ገነት ልጅ ናት። በእኛ አገር የወንድ ልጅ ጸባይ ቀስ ተብሎ ይደረስበታል፤ መጀመሪያ የሚታየው መኝታ ቤቱ ነው። አልጋው ባለ መስታወት፣ ቁም ሳጥኑ እስከ ጣሪያ፣ ኮመዲኖው ግራና ቀኝ። ጅማ እኮ በርጩማው እንኳ ተጠርቦ የሚያብረቀርቅበት የአናጢ አገር ነው። እዚህ በወዳደቀ እንጨት አልጋ መሥራት፣ ሠርግ ቤት ቆሎ ይዞ እንደ መግባት ነው።

ሠራነው! ሰሚራ ከእኔ ብሳ አበደች። የፈረሰ የቡና መጋዘን በር የአልጋችን ራስጌ ሆነ፤ የቡና ማስጫ ርብራብ ፍራሹን ተሸከመ፤ የተሰበረ መሰላል ልብስ መስቀያ ሆነ። ለኮመዲኖ ግን ደዶ ድረስ ሄጄ ከአንድ ገበሬ ያረጀ የንብ ቀፎ አመጣሁ፤ ከግንድ ተፈልፍሎ ዛፍ ላይ የሚሰቀለውን ማለቴ ነው። ቪዲዮው «ተፈጥሯዊ ይሁን» ስላለ ቫርኒሽ አላስነካሁትም፤ ውስጡንም ውጭውንም በሰም አሸሁት። ቤቱ ማር ማር ሸተተ። አውራ ጣቴን በመዶሻ ስመታ እንኳ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

ከዚያ የሰሚራ እናት ሀርሜ ዘሀራ ሊያዩ መጡ። ራስጌውን አዩ፣ መሰላሉን አዩ፣ ቀፎውን አዩ።

«ማል ኩን? ይሄ ምንድነው?»

«አልጋ ነው ሀርሜ። የአሁኑ ፋሽን እንዲህ ነው።»

«ልጄን እንደ ቡና ልታሰጣት ነው እንዴ? ወላሂ፣ የሰው አልጋ ሳይገባ ኒካህ የለም!»

«ማሎ፣ እባክሽ ሀርሜ፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት» ብላ ሰሚራ አለቀሰች። ባለ መስታወቱን ለመግዛት ሠርጉን ለዓመት መግፋት ነው፤ ሊሙ ገነት ውስጥ ደግሞ ባለ መስታወት አልጋ ያለው ወንድ ሞልቷል።

ሳሎን ተኮራርፈን ምሳ ቀርቦ ሳለ፣ ከመኝታ ቤቱ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ መጣ። ወሩ መስከረም፣ አገሩ አበባ፣ መስኮቱ ክፍት። በሩን ገርበብ አድርጌ ባይ ክፍሉ ጠቁሯል። ንብ! በመስኮት የጎረፈው መንጋ ኮመዲኖዬን ከቦ በቀዳዳው እየተጋፋ ይገባል። ለካ በሰም የታሸ ቀፎ ለንብ የሠርግ ጥሪ ኖሯል። በሩን ጠርቅሜ «አለቀልኝ» አልኩ።

ሀርሜ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሸብ አድርገው በሩን በጠባቡ ከፍተው አጮለቁ። ሲዞሩ ዓይናቸው እንባ አቅሯል።

«ማሻአላህ! ንብ መርጦ ነው የሚያርፈው፣ ክፉ ሰው ቤት አይገባም። በረካ ከሙሽራዋ ቀድሞ ገባልህ፣ ልጄ! ኒካሁ በዚህ ወር ይሁን።»

«አልጋውስ ሀርሜ?»

«የምን አልጋ?»

በደስታ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። አላህ ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? ለእኔ ድግሱን በመስኮት ላከው።

ጣጣው የመጣው «እንግዲህ ንቦቹን የሚያወጣልን ሰው ከደዶ ልጥራ» ስል ነው። ሀርሜ ቱግ አሉ። በረካ ከቤት ይባረራል? ማሩ እስኪቆረጥ ድረስ ያንን ክፍል ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ማን ደፍሮ ይከራከራል!

ተጋባን። ሠርግተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ራቅ ብሎ ቆሞ መኝታ ቤታችንን በመስኮቱ አደነቀ፤ አስጎብኚዋ ሀርሜ ነበሩ። ቁም ሳጥን የለም ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኔና ሰሚራ ግን ሳሎን ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግተን እንተኛለን። ከግድግዳው ማዶ በዚያ በደከምንበት አልጋ ዙሪያ ንቦቹ ሲያንጎራጉሩ እንሰማለን። ሳቄ ሲያመልጠኝ ሰሚራ አፌን በእጇ ትይዘዋለች።

«ቀስ በል! የቤቱ ባለቤቶች ተኝተዋል።»