«ጃንጥላው!» በምትል አንዲት ቃል ላይ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ዝናባማ
ሰዓት፦ ከቀኑ ዘጠኝ
ቦታ፦ የልብስ ሰፊው ሱቅ፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ

የተገኙ የንባብ ማኅበሩ አባላት፦ ጡረተኛው ዳኛ (ሰብሳቢ)፣ ልብስ ሰፊው፣ ባለቤታቸው ነርሷ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ፋርማሲስቷ (ጸሐፊ)። ፀጉር አስተካካዩ ልቦለዱን አጋምሰው በመምጣታቸው በግማሽ ሰው ተቆጥረዋል። ከአምስቱ አራት ተኩሉ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የልቦለዱ የመጨረሻ ገጽ

ሰብሳቢው ገጹን አነበቡ። ሚስት ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በዝናብ ትወጣለች፤ ባል ከበረንዳ ሆኖ «ጃንጥላው!» ብሎ ይጮሃል፤ መጽሐፉ ያበቃል።

ልብስ ሰፊው፣ ባልየው የጮኸው እንዳትበሰብስ ጃንጥላ ሊሰጣት መሆኑን አስረዱ። ነርሷ በበኩላቸው ይዛበት የሄደችውን ጃንጥላ እንድትመልስለት መሆኑን ገልጸው፣ «እንኳን ለሰው ለግድግዳም ግልጽ ነው» ብለዋል። ባልና ሚስቱ በዚሁ ጉዳይ ከማክሰኞ ጀምሮ ተኳርፈው፣ «ለባለቤቴ ይንገሩልኝ» እያሉ በሰብሳቢው በኩል ብቻ እንደሚነጋገሩ ተመዝግቧል። ፀጉር አስተካካዩ «እኔ ገና ሠርጋቸው ላይ ነኝ! ይለያያሉ እንዴ?» በማለት ማዘናቸው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርላቸው ጠየቁ፤ ሰፍሯል።

ድምፅ ተሰጥቶ ጸሐፊዋ ከነርሷ፣ ሰብሳቢው ከልብስ ሰፊው ጋር ቆመው ሁለት ለሁለት ሆነ። ግማሹ ድምፅ እያለቀሰ ስለነበር አልተቆጠረም።

ከረዥም ውይይት በኋላ፦ ሀ) ማኅበሩ ለሁለት እንዲከፈል፤ ለ) ያለው መጽሐፍ አንድ ብቻ በመሆኑ በልብስ ሰፊው መቀስ እኩል እንዲቆረጥ፤ ሐ) የመጨረሻው ገጽ ዕርቅ እስኪወርድ በሰብሳቢው ኪስ እንዲታሰር ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የተግባር ሙከራ

ነገሩ በዓይን እንዲታይ በሰብሳቢው ሐሳብ ነርሷ ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ዝናቡ ወጡ። ልብስ ሰፊው ከደጃፍ «ጃንጥላው!» ብለው ጮኹ። ነርሷ ሳይዞሩ «ቤትም እንዲሁ ነው የሚጮኸው!» ብለው በማዕዘኑ ታጠፉ።

ይመለሳሉ የተባለው በሁለት ደቂቃ ነበር። ሩብ ሰዓት አለፈ። ልብስ ሰፊው አንዱን ሱሪ ሦስት ጊዜ አጥፈው ሦስት ጊዜ ዘረጉት። ሰብሳቢው ሙከራው ማብቃቱን ቢያውጁም ዐዋጁን ለነርሷ የሚያደርስ አልተገኘም። በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ፣ ጃንጥላ ሳይዙ፣ ፈቃድም ሳይጠይቁ ሮጠው ወጡ።

በመስኮት የተመለከቱት ፀጉር አስተካካዩ «ደረሰባት! ኮቱን አወለቀ... አለበሳት!» ሲሉ ለጉባኤው ሪፖርት አቅርበዋል። ባልና ሚስቱ ውኃ እያንጠባጠቡና እየሳቁ ገቡ። ጸሐፊዋ ምን እንደተባባሉ ብትጠይቅ ነርሷ «ይሄንን አትጻፊ» አሏት። አልተጻፈም።

አጀንዳ 3፦ ድጋሚ ድምፅ

ልብስ ሰፊው እያስነጠሱ አቋማቸውን ለወጡ፦ «የመጽሐፉ ሴትዮ እውነት አላት። የሚወድ ሰው ሮጦ ይከተላል እንጂ በረንዳ ላይ ቆሞ አይጮህም።» ነርሷም ለወጡ፦ «ኧረ ምስኪን! ሌላ ቃል ጠፍቶት እኮ ነው!» ውጤቱ አሁንም ሁለት ለሁለት ነው። ባልና ሚስቱ ክርክሩን ያለ አስታራቂ፣ ፊት ለፊት፣ በከፍተኛ ድምፅ ቀጠሉ።

በመሆኑም ከሀ እስከ ሐ ያሉት ውሳኔዎች በሙሉ እንዲሻሩ፣ ባልየውም በነፃ ተለቅቆ ክሱ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስብሰባውን ዘግተዋል፤ የሰማቸው ግን የለም።