የቦቢ ቤትና የኔ እግሮች

ከጠዋት ጀምሮ ከስልክ ስልክ የሚዞረውን ቪዲዮ ያያችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ።

አዎ። ከውሻ ቤት ወጥተው የሚንፈራገጡት ሁለት እግሮች የኔ ናቸው!

ጂንሱም የኔ ነው። ጩኸቱም የኔ ነው። "ጎትቷት እንጂ፣ ምን ታፈጣላችሁ!" የሚለው ድምፅ ብቻ የእትዬ ብርነሽ ነው።

ኮሜንት ላይ "ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው?" ያላችሁ ሁሉ ዛሬ መልስ ታገኛላችሁ። ስትስቁ ግን ቀስ በሉ፣ ወገቤ አሁንም እያመመኝ ነው።

ለማታውቁኝ፦ መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ቅያስ ውስጥ መጋረጃ እሸጣለሁ። አጠገቤ እትዬ ብርነሽ ድስትና ፔርሙስ ይሸጣሉ። ፊት ለፊቴ ጋሽ ነስሩ የፕላስቲክ ጫማ በጅምላ ያከፋፍላሉ፤ ያው ኮንጎ የምንለውን። ሌሎች ሁለት ሱቆችም አሉ።

ለአምስታችን አንድ ውሻ አለን። አንድ ለአምስት መደራጀት ማለት ይኼ ነው!

እኔ ቦቢ እለዋለሁ። እትዬ ብርነሽ "መኩሪያ" ይሉታል። ጋሽ ነስሩ ደግሞ "ዘበኛው" ነው የሚሉት። በሦስቱም ስም ሲጠሩት ይመጣል። አጥንት ካለ በአራተኛም ይመጣል።

ጋሽ ነስሩ ቦቢን በእጃቸው አይነኩትም፤ ሶላት አለባቸው። ግን ከምሳቸው የተረፈውን ሥጋ በፌስታል ቋጥረው ሳያመጡለት የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። "እሱም ሥራውን ያውቃል፣ እኔም ውዱዬን አውቃለሁ፣ ተከባብረን እንኖራለን" ይላሉ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል አይደል የሚባለው? የኛው አምስት ቦታ ስለሚበላ ለአምስት ሱቅ ሲጮኽ ያድራል። ቁልፋችን ተሰብሮ አያውቅም።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ከወረዳ አንዲት የእንስሳት ሐኪም መጣች። ቦት ጫማ ያደረገች፣ ፈገግታ የምትቆጥብ ወጣት። ቅያሳችን መሀል ቆማ ደንቡን ነገረችን።

ውጪ የሚያድር ውሻ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ ያስፈልገዋል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ማለት አለበት። ውሻው ውስጡ ቆሞ መዞር መቻል አለበት። ንጹሕ ውሃና ክትባትም ግዴታ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ "የኔ ነው" ብሎ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው መኖር አለበት።

"በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ" አለች። "ይኼ ካልተሟላ ውሻው ባለቤት አልባ ነው። ባለቤት አልባ ውሻ ደግሞ ይሰበሰባል።"

ተሰብስቦ የተመለሰ ውሻ አይቼ አላውቅም። እናንተም አላያችሁም።

እና ማን ብድግ አለ?

እኔ!

"ለኔ ተዉት! ሕግ አይደል? ሕግ የኔ ነገር ነው!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ ጀምሬ፣ ውል የሚባለው ጋ ስደርስ ነው ያቋረጥኩት። ቅያሳችን ውስጥ ግን "ጠበቃዋ" ነው የምባለው። ያወጡልኝን ስም መልሼ "አልፈልግም" ልበል እንዴ?

ከምናለሽ ተራ ጣውላ አመጣሁ፣ አናጢ ጠራሁ። ወለሉን ከፍ አስደረግኩ። ለጣሪያ ቆርቆሮ ሲጠፋ እትዬ ብርነሽ የድሮ ታፔላቸውን ከጓዳ አውጥተው ሰጡን። "ጅምላና ችርቻሮ" የሚለው ጽሑፍ ወደ መንገዱ ዞሮ ተመታ። አናጢው "ልገልብጠው ወይ?" ሲለኝ "ተወው፣ ያምራል" አልኩት።

እስቲ አሁን ምን ያምራል?

በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ። ነጭ ሆኖ ቀይ አበባ ያለበት፣ ሱቄ መስኮት ላይ የምታዩት ዓይነት። ከቁራጩም ለቦቢ የአንገት ማሰሪያ ሰፋሁለት። አትሳቁ፣ መጋረጃ ሻጭ ውሻ ቤት ብትሠራ ምን እንድትሰቅል ነው የፈለጋችሁት?

ትናንት አመሻሽ ላይ ሥራው አለቀ። ቤቱን አየሁት፣ እጄን አራገፍኩ፣ በኩራት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አንድ ነገር ረስቼ።

መርካቶ ውስጥ ጣሪያ ያለው ነገር ባዶውን አያድርም!

ዛሬ ጠዋት አዲሱን ጂንሴን ለብሼ፣ ሊፕስቲኬን ተቀብቼ ጠበቅኳት። ዶክተሯ መጣች። አብሯት ገመድ የያዘ ሰውዬ አለ። ተሸካሚው፣ ገበያተኛው፣ ሻይ ይዞ የሚሮጠው ሁሉ ቆሞ ማየት ጀመረ።

ሪባን እንደሚቆርጥ ባለሥልጣን ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ይኸው ደንቡን የጠበቀ መጠለያ!" ብዬ መጋረጃውን ገለጥኩት።

ኮንጎ ጫማ።

ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ከወለል እስከ ጣሪያ! የዝንብ መግቢያ እንኳ የለም።

ዶክተሯ ጫማውን አየች። ቀና ብላ ታፔላውን አነበበች። "ጅምላና ችርቻሮ።"

"ንግድ ፈቃድ አለው?" አለችኝ።

መጋረጃውን መልሼ ልዘጋው ብል በእጇ ያዘችው።

"ዕቃው የማነው?"

እዚህ ጋ ቆም ልበልና አንድ ነገር ልንገራችሁ። መርካቶ ያደገ ሰው "እማዬ" ከማለቱ በፊት አንድ መልስ ይማራል። ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው መጥቶ "ይሄ የማነው?" ሲል የሚሰጠውን መልስ። ማሰብ አያስፈልግም፣ ምላስ ራሷ ታውቀዋለች።

"የኔ አይደለም" አሉ ጋሽ ነስሩ። ከጀርባቸው ሱቃቸው ውስጥ ያው ቀይ፣ ያው ሰማያዊ፣ ያው አረንጓዴ ኮንጎ ተደርድሯል!

"እኔ ድስት ነው የምሸጠው" አሉ እትዬ ብርነሽ። ማንም አልጠየቃቸውም።

"እሺ፣ ቤቱስ የማነው?"

አፌን ከፈትኩ። "የኔ ነው" ልል ነበር። ሙች፣ ልል ነበር!

"የኔ አይደለም!"

"ውሻውስ?"

"ኧረ እኔ እንጃ! ዛሬ ገና ማየቴ ነው!"

ይኼን ስል ቦቢ እግሬ ላይ ተቀምጧል። በጅራቱ አዲሱን ጂንሴን እየጠረገልኝ ነው።

ዶክተሯ የቦቢን አንገት አየች። የውሻ ቤቱን መጋረጃ አየች። የሱቄን መስኮት አየች። ሦስቱም ጋ አንድ ዓይነት ቀይ አበባ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እንግዲህ እዚህ ባለቤት የሚባል የለም" አለችና ወደ ባለገመዱ ዞረች። "ያዘው።"

ሰውዬው ገመዱን አዘጋጅቶ ጎንበስ አለ። ቦቢ እንግዳ የመጣለት መስሎት ጅራቱን እየቆላ ሄደ። አንገቱን ዘርግቶ ሰጠው። ለሌባ የማይመለስ ውሻ ለመንግሥት ሠራተኛ እንዴት እንደሚታዘዝ ብታዩ!

ልቤ ስንጥቅ አለ።

ሱቅ የከፈትኩ ሰሞን ገበያ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን ሳይ እውል ነበር። ያኔ ሱቄ ደጃፍ መጥቶ የሚተኛው እሱ ብቻ ነበር። ሰው ሲያልፍ ቀና ይልና እኔን ያየኛል፣ "ይኼም አልገባም" የሚል ይመስላል። ስንቱን ቀን አብረን ዋልን። ለካ እወደዋለሁ! ለካ በጣም እወደዋለሁ፣ እና አሁን ሰው ፊት ካድኩት።

"ውሸቴን ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

ሶማሌ ተራ ድረስ ተሰምቷል አሉኝ።

"የኔ ነው! ውሻውም የኔ ነው! ቤቱም የኔ ነው! አንገቱ ላይ ያለው ጨርቅም የኔ ነው!"

"ጫማውስ?"

"ጫማው የጋሽ ነስሩ ነው!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጎረቤት አሳልፎ መስጠት መርካቶ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዓይኔን ጨፍኜ እርግማን ጠበቅኩ።

ጋሽ ነስሩ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እንዲህ ነው ጠበቃ!" አሉ። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረው "የኔ ነው፣ ዶክተር። ማታ ሱቄ ሞልቶብኝ ነው። ባዶ ቤት ቆሞ ሲያድር እያየሁ እንዴት ዝም ልበል? ይኼ እኮ መርካቶ ነው!" አሏት።

ዶክተሯ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ እየታገላት እንደሆነ ገባኝ። "አውጡትና ስፋቱን ልይ" አለች።

ተሸካሚዎቹ ተረባረቡ፣ ጫማው ወጣ። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ቦቢ ገብቶ፣ ቆሞ፣ መዞሩን ማሳየት አለበት።

ቦቢ አልገባም አለ!

"ቦቢ! ግባ የኔ ጌታ!" እምቢ። "መኩሪያ! ና በሞቴ!" እምቢ። "አንተ ዘበኛ!" እምቢ። አጥንት ወረወርንለት፣ አንገቱን አስግጎ በጥርሱ ጎትቶ አወጣውና ውጪ ተኝቶ በላው። ዕድሜውን ሙሉ ደጅ ያደረ ፍጡር ቤት ምን እንደሆነ ከየት ይወቀው?

ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። ባለገመዱም ገመዱን ገና አልጠቀለለውም።

ምን አማራጭ ነበረኝ?

ተንበረከክኩ። መርካቶ መሀል፣ በአዲስ ጂንስ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ በአራት እግሬ ገባሁ። "እየው! እኔም ገባሁ! ደስ ይላል!" እያልኩ።

ያን ጊዜ ነው ቦቢ የገባው። በደስታ! እየዘለለ! በላዬ ላይ አልፎ፣ ውስጥ ደርሶ፣ ቆሞ አንዴ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ፊቴን ከአገጬ እስከ ግንባሬ ላሰኝ። ሊፕስቲኬ ሄደ። ከዚያ ክንዶቼ ላይ ተዘርግቶ ተኛ።

ወደ ኋላ ልወጣ ብል ወገቤ በሩ ላይ ተቀረቀረ።

ቪዲዮው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ከውጪ የሚሰማኝ ሳቅ ብቻ ነው። ከሳቁ መሀል የዶክተሯን ድምፅ ለየሁት። "ስፋቱ በቂ ነው" ትላለች። "ቆሞ ይዞራል። እንግዳም ያሳድራል።"

"ባለቤት ማን ልበል?" ደግሞ አለች።

ከውሻ ቤት ውስጥ፣ አፌ ቦቢ ፀጉር ውስጥ ተቀብሮ፣ ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ ተናገርኩ። የደኅና ሰው ስም እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም!

እትዬ ብርነሽ እግሮቼን ይዘው ጎተቱኝ። ስወጣ አንድ ጫማዬ በእጃቸው ወልቆ ቀረ፣ ቦቢ ነጥቆ ቤቱ አስገባውና ተኛበት። ቅያሳችን በጭብጨባ ቀለጠ። እትዬ ብርነሽ እልል አሉ፣ ሠርግ ያለ የመሰላቸው ሰዎች ከላይኛው ቅያስ እየሮጡ መጡ። ቦቢ ክትባቱን ተወጋ፣ ድምፁን እንኳ አላሰማም። ዶክተሯ እየሄደች ዞር ብላ "መጋረጃው ግዴታ አልነበረም" አለችኝ። ከዚያ ዋጋውን ጠየቀችኝ! ለሳሎኗ ፈልጋው ነው!

ጋሽ ነስሩ ባዶ እግሬን አይተው "ቁጥርሽ ስንት ነው?" አሉኝና አንድ አረንጓዴ ኮንጎ አመጡልኝ። ልከፍል ብል "ኧረ ተይ፣ ዕቃው የኔ መሆኑን የመሰከርሽልኝ አንቺ አይደለሽ?" ብለው ደግመው ሳቁ። ቀኑን ሙሉ እሱን አድርጌ ነው የሸጥኩት። ደንበኛ ሁሉ "አንቺ ነሽ?" እያለ ነው የሚገባው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደ ዛሬ የተሸጠበትም፣ እንደ ዛሬ የሳቅኩበትም ቀን ትዝ አይለኝም።

አሁን ይኼን የምጽፍላችሁ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው።

የሐምሌ ዝናብ እየወረደብኝ ነው። ራሴ ላይ ፌስታል አጥልቄያለሁ። ሱቅ ዘግቼ ስወጣ ቦቢን አየሁት። ቤቱ ውስጥ ነው። ደረቅ ወለል ላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ አገጩን እግሮቹ ላይ አሳርፎ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ እኔን ዝናብ ሲደበድበኝ ያያል።

እኔ ባለቤቱ ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ ዕጣ ከጠበቅኩ ስንት ዘመኔ! የምኖረው በኪራይ፣ ያውም ጣሪያዋ በምታፈስ አንዲት ክፍል ነው። እሱ መርካቶ እምብርት ላይ፣ ወረዳ መጥቶ ያጸደቀለት፣ ወለሉ ከፍ ያለ የግል ቤት አለው።

እና ንገሩኝ፣ ወገኖቼ፦ እኔስ እንዲህ ወገቡ እስኪቀነጠስ የሚንበረከክልኝ ባለቤት ለማግኘት የት ነው የምመዘገበው?