የሰይድ አውሮፕላንና የእድራችን ማህተም

ቅጣት ሲደርሰን ጥፋት መሥራት አለመሥራታችንን ለማሰብ አንቸኩልም። መጀመሪያ የምናስበው ማን እንደሚያማልደን ነው። እናንተ እንዲህ አይደላችሁም? እንግዲያው ትራፊክ አስቁሟችሁ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከውሻ ንክሻ እስከ ድንበር መግፋት ያልጻፍኩት አቤቱታ የለም። የአውሮፕላን ጉዳይ ግን ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ሰይድ ገላን ኮንዶሚኒየም ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖር ጎረቤቴ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው በጭነት መኪና ሥራ አሳደጉት፤ እሱም ሃያ ዓመት ነዳ። በሃምሳ ዓመቱ ምን እንደነካው እንጃ፣ አንዱን መኪናውን ሸጦ ጎረቤት አገር ሄደና የግል አብራሪነት ፈቃድ ይዞ መጣ። እዚያው ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን እየተከራየ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይበራል። ተመልሶ እድር ላይ የሚያወራው ወሬ ነው ታዲያ! ከወርኀዊው ስብሰባ ቀሪ የጠፋው በእሱ ወሬ ነው።

ባለፈው ክረምት ከዚያው አገር መንግሥት ደብዳቤ ደረሰው። በአራዊት መጠበቂያው ላይ ከተፈቀደው ከፍታ በታች በረሃል፤ ቅጣቱን ክፈል፤ ካላመንክ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተቃወም፤ ተቃውሞህ ውድቅ ከሆነ ግን ፈቃድህ ለአንድ ዓመት ይታገዳል ይላል። ሰይድን ያስጨነቀው ገንዘቡ አልነበረም። ፈቃዱን የሚይዘው የደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ እያወራችሁት በየመሃሉ ይዳብሰዋል።

«ጋሼ፣ ይቺን ከወሰዱብኝ እኮ ተመልሼ ሹፌር ነኝ» አለኝ።

አሳዘነኝ። «ለመሆኑ ዝቅ ብለሃል?» ብዬ ግን አልጠየቅኩትም። ማመልከቻ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን አይጠይቅም።

ከፍታ መለኪያው ተሳስቶ ይሆናል፣ ነፋስ ይሆናል እያልኩ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ሳነበው አንድ ነገር የጎደለው መሰለኝ። ማህተም የለውማ! እናም ወደ እድራችን ሊቀመንበር፣ ወደ ጋሽ ቶሎሳ ሄድን። ጋሽ ቶሎሳ ኮንዶሚኒየሙ የተሠራበትን መሬት ያርሱ ከነበሩት ቤተሰቦች የሚወለዱ፣ ማህተሙን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው የሚያስቀምጡ አዛውንት ናቸው።

«የመልካም ጠባይ ምስክርነት ይጻፉልን» አልናቸው።

«ያውም አሳምሬ!» አሉ።

አሳመሩትም። «ሰይድ ከለቅሶ የማይቀር፣ ሰው አክባሪ ነው። እንኳን ሰውን አውሬንም ሰላም ሳይል አያልፍም። ዝሆኖቹ ጋ ሲደርስ ጆሯቸው ሲርገበገብ እስኪታየው ድረስ ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን ነቅነቅ አድርጎላቸው እንዳለፈ ራሱ በስብሰባ ላይ ነግሮናል።»

አልደብቃችሁም፣ አንብቤዋለሁ። በዚያችው በድሮ ትምህርቴ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩትም እኔ ነኝ። እንዲያውም ከወረቀቱ ሁሉ ልቤን የነካኝ የዝሆኖቹ ነገር ስለነበር፣ ለእሱ ጥሩ እንግሊዝኛ ስፈልግ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። ሰይድም ሲሰማው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማህተሙ ከሥር ሲያርፍ ለሦስታችንም ነገሩ ያለቀ መሰለን።

መልሱ በወሩ መጣ። የአመልካቹን ሦስት ገጽ አልተቀበልነውም፤ የሽማግሌውን ምስክርነት ግን ሙሉ በሙሉ አምነነዋል ይላል። ጥፋቱ በማህተም ተረጋግጦ በግልጽ ስለታመነ ፈቃዱ አይታገድም፤ ቅጣቱ ይከፈል።

አንብቤ ስጨርስ ሰይድ ኪሱን ዳበሰ። ፈቃዱ እዚያው ነበር።

«አላልኳችሁም? ማህተም እኮ ነው!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። እኔ የስንት ዓመት ሙያዬን ይዤ ደብዳቤውን አጣጠፍኩ።

ሰይድ ከፍሎ ተገላገለ፤ አሁንም እየሄደ ይበራል። ከመጨረሻው ጉዞው ሲመለስ እድር ላይ ከበብነውና፣ «እሺ፣ እንዴት ነበር?» አልነው። ጋሽ ቶሎሳን አየ፣ እኔን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማህተም አየና፣ «ደህና ነበር» ብሎ ተቀመጠ።

ደህና ነበር! ይኸው በዚህ ወር ስብሰባ ግማሹ ሰው ቀሪ ነው።