ነገሩ ራሱ ይናገራል

ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ ሻንጣው ይመዘናል እንጂ ጭንቅላቱን የሚመዝነው የለም። ስለዚህ ሁላችንም የማይጠቅመንን ተሸክመን እንገባለን። አንዱ የቀበሌ ሊቀመንበርነቱን ይዞ ይመጣል፣ አንዱ የሰፈር የእግር ኳስ ዝናውን። ወዳጄ ጌታሁን ደግሞ ይዞት የመጣው ላቲን ነው።

ጌታሁን፣ ደረጀና እኔ ዳውንታውን አትላንታ አንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እንሠራለን። ጌታሁን አዲስ አበባ ሕግ ተምሮ፣ ዲቪ ደርሶት የመጣ ነው። ከተማረው ሕግ የቀረችው ላቲኗ ብቻ ናት፤ እሷንም ያለ ርኅራኄ ይጠቀምባታል። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ሲባል አልሰማ ይሆን፣ የሱ ነገር ሁሉ በላቲን ነው። ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው ካላችሁት «ካቬያት ኤምፕቶር!» ይላችኋል፤ ገዢ ይጠንቀቅ ማለቱ ነው። ከሁሉ የሚወዳት ግን «ሬስ ኢፕሳ ሎኲቱር» የምትለዋን ነው። ነገሩ ራሱ ይናገራል፣ ማስረጃ አያሻም፣ እንደ ማለት። ፊቱ የተጨፈለቀ መኪና በበሩ ሲገባ ጣቱን ይቀስርና ይላታል፤ ከዚያ ይተረጉምልናል፤ ከዚያ ለምን እንደምታስቅ ያስረዳናል። ተብራርቶ የሚያስቅ ቀልድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማንም አይስቅም።

ከደረጀ በቀር። ደረጀ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። «ጌቾ፣ ሰው እኮ አይገባውም፣ ዩ ኖው» ይለዋል። እውነት ገብቶት ይሁን ለጓደኛው ሲል፣ አላውቅም ነበር።

አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አንዲት ልጅ ነፍስ ይማር ለማለት ስልኳ ላይ «አር አይ ፒ» ብላ ስትጽፍ ጌታሁን አየና «እንግሊዝኛ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ መነሻው ላቲን ነው» ብሎ ማስተማር ጀመረ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ሐዘንተኛዋ ሳትቀር ዞር ብላ አየችው፤ እኔ ስለሱ አፈርኩ።

ባለፈው ዓመት የደረጀ ታላቅ እህት፣ እንደ እናት ሆነው ያሳደጉት እትዬ አስቴር፣ አዲስ አበባ አረፉ። ዘመዶቻቸው ለኔ ደወሉ። የኛ ሰው መርዶ በስልክ አያረዳም፤ በማለዳ ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። ዛሬ ግን መርዶ ተቀናቃኝ አለው። ፌስቡክ ከቀደመን ደረጀ እህቱን ከአር አይ ፒ ክምር ውስጥ ሊያገኛቸው ነው።

ማታውኑ ያገር ልጆችን ሰበሰብኩ። ማን ይንገረው? ሁልጊዜ ይህን የሚያደርጉልን ጋሽ በላይ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ተኝተዋል። ስንደውልላቸው «ንግግር የሚያውቅ ሰው ላኩ» አሉን። ሁላችንም ዞረን ጌታሁንን አየነው። ከኛ ጫንቃ መውረዱን እንጂ እሱ ይችለው እንደሆነ አላሰብንም።

በማግስቱ ማለዳ ጌታሁንና እኔ በኔ መኪና፣ ሌሎቹ ወንዶችና ሴቶች በየመኪናቸው፣ ደረጀ ወደሚኖርበት ፓይን ሌክ ሄድን። ጌታሁን ሱፉን ለብሷል፤ መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ዛሬ ላቲን ብትተነፍስ አንላቀቅም» አልኩት።

«ሰው ነኝ እኮ» አለኝ።

ደረጀ እንዳይጠረጥር መኪኖቻችንን ራቅ አድርገን አቆምን። በዚህ አገር ሰው ሳይደውል ቤታችሁ አይመጣም፤ በሥራ ቀን፣ በማለዳ፣ ተሰብስቦ ከመጣ ምን ይዞ እንደመጣ የታወቀ ነው። ይህን እያወቅን መኪና መደበቃችን! ሴቶቹም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከኋላችን ቆመዋል።

ደረጀ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ በሩን ከፈተ። ጌታሁን አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ደረጀ ሱፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ነጠላዎቹን አየ።

«ሬስ ኢፕሳ…» አለ በቀስታ።

ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ የሚስቀው ገብቶት ኖሯል። ሊጨርሳት ግን አልቻለም፤ ጌታሁንም አልጨረሰለትም።

«ማነው? ጌቾ፣ ማነው?»

ነገሩ ራሱ ይናገራል ያሉት የጥንት ሰዎች መርዶ አርድተው አያውቁም። ነገሩ ቢናገርም ስም አይጠራም። ስሙን ሰው ነው የሚጠራው።

«እትዬ አስቴር» አለ ጌታሁን።

ብሩሹ ከደረጀ እጅ ወደቀ። ሴቶቹ ለቅሶውን ለቀቁት፤ ጎረቤቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየን። ጌታሁን ደረጀን አቅፎ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆየ።

ደረጀ ወደ ሥራ ከተመለሰ ሰንብቷል። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ፊቷ የተጨፈለቀ መኪና እየተንገጫገጨች ገባች። ደረጀ ቀና አለ። እኔም፣ በላቲኑ ስማረር የኖርኩት ሰውዬ፣ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ጌታሁን መኪናዋን ዞሮ አያት።

«ተገጭታለች» አለ።

አማርኛ ነውና ለሁላችንም ገባን። ደረጀም አልሳቀም።