የመኪናዋ አጥንት ሲቆጠር

ስለ መኪና ላወራችሁ ነው። መኪና ግን የለኝም። መንዳትም አልችልም። ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ። ደባርቅ ላይ ስለ መኪና ለማውራት ደግሞ መኪና አያስፈልግም፤ ሻይ ቤት ገብቶ መቀመጥ ይበቃል።

የዚያ የጃፓን ፋብሪካ ነገር ከተነሣማ ሻይው ይቀዘቅዛል እንጂ ወሬው አያልቅም። ስሙን አልጠራውም። ብጠራው ማስታወቂያ ይመስልብኛል፤ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ተነሥቶ፣ ሞተሩ እምቢ ሲል በካልቾ ብትለው ይነሣል ይላል። ሌላው ዘይቱ ያለቀ ዕለት በጸሎት ብቻ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ እንደ ነዳው ይምላል። ሦስተኛው፣ ሰው ይሞታል እንጂ እሱ መኪና አይሞትም ይላል። ይህን ሲሰማ ቤቱ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን ከጊች የወረደ ባላገር ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲሰማን ቆየና፣ በቅሎ ትሻላለች አለ። ለምን ቢሉት፣ በቅሎ ገደል ስታይ ትቆማለች አለ። ያን ዕለት ሳቅንበት። አሁን ሳስበው አያስቀኝም።

አቶ ወንድይፍራውን ላስተዋውቃችሁ። የዳባት ሰው ናቸው፤ በዳባትና በደባርቅ መካከል የምትመላለስ ሚኒባስ ነበረቻቸው፣ የዚያው ፋብሪካ ሥራ። እኔ ዳባት አድራለሁ፣ ደባርቅ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ከዓመት ዓመት ጉልበቴ የተጣጠፈው በሷ ወንበር ላይ ነው። አቶ ወንድይፍራው ስሟን "እመቤት" ብለዋታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ያጥቧታል። ሚስታቸው እግሬን አመመኝ ሲሉ ነገ ይሻልሻል ይላሉ፤ እመቤት ከወትሮው የተለየ ድምፅ ካሰማች ግን እህል አይወርድላቸውም። በዓመቱ ቄስ ጠርተው ጠበል ያስረጯታል። ጃፓኖች ባይጠመቁም እግዜር ሳይወዳቸው አይቀርም፣ አለዚያ ይህን ጥበብ ከየት አገኙት? ይላሉ። እኔ ምን አውቄ፣ እሺ እላለሁ።

እመቤትን የሚነዳት አስማማው የሚባል ልጅ ነበር። ረጋ ያለ፣ ሰው ሲወርድ ዞሮ እግሩን የሚያይ ሾፌር። በኛ አገር እንዲህ ያለ ሾፌር እንደ ክረምት ፀሐይ ነው። አቶ ወንድይፍራው ቁልፉን ለሱ ከሰጡ ወዲህ ማርሽ እንዴት እንደሚገባ ሳይረሱት አልቀሩም። ልጃቸው ጥሩወርቅ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ጧት ጧት አብራን ትሄዳለች። የምትቀመጠው ጋቢና ነው። አንድ ጧት መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ እኒያ ጥምጣማቸው በሩን የሚሞላው የዜማ መምህር፣ ጋቢና ሊገቡ ቢሉ አስማማው፣ "አባቴ ይቅር ይበሉኝ፣ ተይዟል" አላቸው። ወንበሩ ባዶ ነበር። መሪጌታ ከኋላ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡና በጆሮዬ፣ "ይኸ ልጅ ተይዟል ያለው ወንበሩን አይደለም" አሉኝ።

ታዲያ ምን ችግር አለ? ትሉ ይሆናል። ችግሩ አባቱ ናቸው። አቶ ቢያድግልኝ ከጎጃም መጥተው ደባርቅ የተቀመጡ ሸማኔ ናቸው። ከተማው በሙሉ "አንተ" ይላቸዋል፤ እኔ "አንቱ" እላለሁ፣ ልጄን ለመዳር ስላልተጠየቅሁ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲልኩ ይውላሉ። የዳባትና የደባርቅ ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚስመው እሳቸው የሸመኑትን ተከናንቦ ነው። አቶ ወንድይፍራው ሰንበት ሰንበት የሚለብሱት ያ ባለጥለት ጋቢ እንኳ የቢያድግልኝ እጅ ነው፤ ቆመው ነው ያሠሩት። ጋቢውን ከእጃቸው እንቀበላለን። ጠላቸውን ግን አንቀበልም። ልጆቻችንን በፊታቸው ስናሳልፍ በነጠላ እንሸፍናለን፣ በዓይናቸው እንዳይበሉብን። የሸፈንንበት ነጠላ የማን ሥራ ነው? አትጠይቁኝ።

አስማማው ሽማግሌ ላከ። መሪጌታ፣ እኔና ሌላ አንድ ሰው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቶ ወንድይፍራው ደጅ ቆምን። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይነገር አይቀመጥም። ነፋሱ ከሰሜን ተራራ እየወረደ ጆሯችንን ይልጠናል። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አሉ።

"ልጁ ማነው?"

"አስማማው።"

"የትኛው አስማማው? የኔው?" ፈገግ አሉ።

"የርስዎው።"

ፈገግታው ሲጠፋ አየሁት። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "አባቴ፣ አስማማው እኮ ወንድሜ ነው። የእመቤትን ቁልፍ ሰጥቸዋለሁ። መኪና ሙሉ ነፍስ በየቀኑ አስረክበዋለሁ። አጥንት ግን ሌላ ነው። ሰባት ቤት ልቆጥር ብል ከመጀመሪያው ቤት ላይ ቁጢት በጣሽ ሸማኔ ተቀምጦ አገኛለሁ።"

ጥሩወርቅ ከጓዳው በር ጀርባ ነበረች። ጥላዋን አየዋለሁ። እንግዲህ እዚህ ላይ ዝም ብል ደግ ነበር። ግን አስተማሪ ነኛ! አስተማሪና ደወል ሳይጮኹ አይውሉም።

"እንግዲያስ ከእመቤት አጥንት እንጀምር" አልኩ። "ከጎንደር ነጋዴ ገዟት። ነጋዴው ከአዲስ አበባ አመጣት። ከዚያ በፊት ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በፊት ዱባይ፣ ከዱባይ በፊት ጃፓን። ጃፓንስ ማን ወለዳት?"

"ፋብሪካው ነዋ።"

"ፋብሪካውንስ?"

ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ያ ቤት መኪና ከመሥራቱ በፊት የሽመና ቤት ነበር። የመሥራቹ አባት፣ የሰፈሩ ሴቶች ሲሸምኑ ሲደክሙ እያየ ያደገ የአናጢ ልጅ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው የሽመና መሣሪያ ሲሠራ ነው። ልጁ መኪና መሥራት የጀመረው በዚሁ የሽመና ቤት ውስጥ ነው። "ስለዚህ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ደጅዎ ላይ የቆመችው እመቤት የሸማኔ ልጅ ናት። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው እስከዛሬ አልነገረችዎትም እንጂ። መኪናዋን ከወደዱ ነጂዋንም ይውደዱ።"

መሪጌታ በኩራት ክርናቸውን ጎኔ ላይ አሳረፉ። እኔም ራሴን ወደድኩት። አቶ ወንድይፍራው ከተቀመጡበት ተነሥተው እኛ ወደ ቆምንበት በር መጡ፤ እመቤትን ቆመው አዩዋት። ብዙ አዩዋት። ገባቸው፣ አልኩ በልቤ።

"ለካ!" አሉ ዞረው። "ለካ ለዚህ ኑሯል!"

ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። ለካ ሚስታቸውን እግሯን የያዛት ለዚህ ኑሯል። ለካ ያች ጥገት ላም ያለ ምክንያት የሞተችው ለዚህ ኑሯል። ለካ ጠበል የተረጨች ዕለት ሞተሯ አልነሣም ያለው ለዚህ ኑሯል! "ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ቡዳ ከደጀ ላይ አሳድሬ ስቀልብ!" አሉ። ከዚያ በእንባ እጄን ያዙኝና አመሰገኑኝ። አዎ፣ አመሰገኑኝ። እግዜር ይስጥህ መምህር፣ ዓይኔን ገለጥህልኝ አሉኝ። ያን ጊዜ ከጓዳው በር ጀርባ ያለው ጥላ ሲሄድ አየሁት።

ሳምንት አልቆየም፣ እመቤት ለአንድ የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ተሸጠች። አጥንቷን አልነገሩትም። ነጋዴው ወንድሙን ሾፌር አደረገ። አስማማው ሙሽራም ሥራም በአንድ አፍ አጣ። በኔ አፍ ማለቴ ነው።

መንገድ ላይ አገኘሁትና ፊቱን ማየት ከበደኝ። እሱ ግን፣ "መምህር፣ አንቱ ምን ያድርጉ፣ እውነት ነው የተናገሩት" አለኝ። ይልቅ ታሪኩን ለአባቱ ነግሯቸው ኖሮ በጣም ደስ ብሏቸዋል። አቶ ቢያድግልኝ ሥራቸውን አቁመው፣ "የዚያ ሰውየ መሣሪያ በእግር ነው በእጅ?" ብለው ጠየቁት አለኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ "የሱ ልጅ መኪና ከሠራ፣ የኔ ልጅ ቢነዳ ምን ይገርማል" አሉ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ አብረን አልሳቅንም።

መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ሲዘጋ ሥራ ጠፋ። የተገኘው ፍሬኑ ታሞ የከረመ፣ የዚያው ፋብሪካ የጭነት መኪና ነበር። አስማማው ፍሬኑ ካልተሠራ አልነዳም ብሎ ነበር አሉ። ባለቤቱ፣ ይህ መኪና አይሞትም፣ ስንት ጊዜ የወረደው መንገድ ነው አለው። ሌላ ነጂም በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሥራ ያጣ ሰው ስንት ጊዜ እምቢ ይላል? ሲሚንቶ ጭኖ በጉም የሊማሊሞን ቁልቁለት ወረደ። ከመጠምዘዣዎቹ በአንዱ ላይ መኪናው አልታጠፈም።

እሱን አወጡት። መኪናውንም በሰንሰለት ጎትተው አወጡት። የሻይ ቤቱ ሰው እውነቱን ነው፣ አልሞተም። ጋራዥ ገብቶ ተቃንቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ዛሬም ይሠራል፤ ትናንት በፊቴ አለፈ። አቶ ቢያድግልኝ ለሠርጉ ብለው የሸመኑትን ጋቢ አልብሰው ልጃቸውን ቀበሩት። ጥሩወርቅ በቀብሩ አላለቀሰችም። ማልቀስ የሚገባው ለዘመድ ነው፤ እሷ ደግሞ ዘመድ እንዳትሆን ተደርጋለች። ዳር ቆማ ዋለች። እኔ ያንን ማየት አልቻልኩም፣ ሄድኩ።

አቶ ወንድይፍራው በመሃሉ ሌላ መኪና ገዝተዋል። ትንሽ፣ ነጭ፣ የቤት መኪና፤ እሷም የጃፓን፣ ግን ከሌላ ፋብሪካ። በጥንቃቄ ነው የገዙት። ደላላውን፣ የዚህኛው ፋብሪካ ዘር እንዴት ነው? ብለው ጠየቁት። ደላላ ምን ይላል? ኧረ የመኳንንት ነው አላቸው። ግራ ቀኝ እየተንገዳገዱ መሪ መያዝ እንደገና ለመዱ። እኔ የገዟት ዕለት አይቻት አውቄያታለሁ። ግን አፌ አንዴ ሰው አስከፍሎኛልና ዘጋሁት።

ለአርባው ጥሩወርቅ አባቷን አስገደደቻቸው። ተዝካሩ ላይ ካልደረሱ ከዚህ ቤት እወጣለሁ አለች። ሄዱ። እኔም አብሬ ሄድኩ። አቶ ቢያድግልኝ በሩ ላይ ተቀበሉን፣ ሞሰብ አቀረቡ፣ ጠላ ቀዱ። አቶ ወንድይፍራው ሆዳቸውን ያዙና ዛሬ አሞኝ ነው የዋልኩ አሉ። የሸማኔው ፊት ምንም አልሆነም፤ እንዲህ ያለ የሆድ ሕመም ዕድሜ ልካቸውን ያውቁታል። ጥሩወርቅ ግን የአባቷን ድርሻ ጨምራ በላች። ቤቱ ሁሉ አያት።

ስንመለስ አቶ ወንድይፍራው ይነዳሉ፣ እኔ ጋቢና ነኝ፣ ጥሩወርቅ ከኋላ። ከደባርቅ ወጥተን የገብሱ ሜዳ መሃል ስንደርስ አቶ ወንድይፍራው ተነፈሱ።

"መምህር፣ አንተ ባታነቃኝ ምን ይውጠኝ ነበር? ያችን በጊዜ ባልሸጣት ይኸ ሞት ከኔ ቤት ነበር የሚመጣ። አየህ፣ የልጁ አጥንት ራሱን በላው። እንግዲህ ጎበዝ ነህና የዚችንም አጥንት ቁጠርልኝ። ንጹሕ ናት አይደል?"

ወደ ገብሱ አየሁ። ከኋላ ድምፅ መጣ።

"መምህር፣ ይንገሯቸው እንጂ።"

ዞሬ አየኋት። ታውቃለች። ስልኳ ላይ አንብባለች ወይስ አስማማው ነግሯት ነበር፣ አልጠየቅኋትም።

"አቶ ወንድይፍራው" አልኩ፣ "የዚችም ፋብሪካ መሥራች መኪና ከመሥራቱ በፊት የሽመና መሣሪያ ነበር የሚሠራው። እሷም የሸማኔ ልጅ ናት።"

ፍሬን ያዙ። አስፋልቱ መሃል ቆምን። መጀመሪያ እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ፣ እንደ ጋለ ብረት። ከዚያ በሩን ከፍተው ወረዱ። ጥሩወርቅ አልጠራቻቸውም። በእግራቸው ወደ ዳባት መንገድ ጀመሩ፣ ወደ ኋላም አላዩ። ነፋሱ በረታ። ትንሽ ሄዱና ቆመው ያን ባለጥለት ጋቢ እስከ ጆሯቸው ተከናነቡት፤ ጫፉን ትከሻቸው ላይ ጥለው አጥብቀው ያዙና ሄዱ።

"ጋቢውን አላወለቁትም" አለች ጥሩወርቅ።

ቁልፉ እንደ ተሰካ ነው። ሞተሩ ይሠራል፤ ጃፓኖቹ ምን ይወጣላቸዋል፣ ኮሽ አይልም። እኔ መንዳት እንደማልችል ነግሬያችኋለሁ። ጥሩወርቅም አትችልም። የሚነዳልን ልጅ ነበር።