ሰባት ቀይ ክብ በእትዬ የሺ ግድግዳ ላይ

ልጆችን ሥዕል የሚያስተምር ሰው ጎረቤት ሊኖረው አይገባም። ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ተማሪዎችም ጎረቤቶችም ነበሩኝ... እስካለፈው እሑድ ድረስ።

ጣጣው የጀመረው በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። "ልጆቻችን ከአበባና ከባንዲራ ሌላ አይስሉም፤ ዓለም የት እንደደረሰ አያውቁም!" ብዬ ግማሽ ሰዓት ደሰኮርኩ። ሰብሳቢዋ አጨበጨበችና "እንግዲያውስ ቅዳሜ እርስዎ ያስተምሩልን!" አለች። ወላጆች ሆይ፣ ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋውን አባት አትናቁት። የሚያደርገውን ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ልጆች መጡ፤ አንዷ የእኔዋ ሶስና ናት። መጽሐፍ ላይ ስላነበብኩት አንድ ጃፓናዊ ሠዓሊ ነገርኳቸው። ሰውየው ዛሬም በሕይወት አለ። የሚወደው ነገር ላይ አንድ ቀይ ክብ ያደርግና መንገዱን ይቀጥላል። በቃ! የተሰነጠቀ ማሰሮ ይሁን፣ አሮጌ ዛፍ ይሁን፣ የሰው በር ይሁን ግድ የለውም። ሰዉም ክቡን ሊያይ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል።

"አባዬ፣ ክብ ብቻ?" አለች ሶስና።

"ክብ ብቻ።"

"እኔ በራችን ላይ ስስል ተቆጥተኸኝ የለ? እሱን የሚቆጣው የለም?"

"እሱ ሠዓሊ ነው።"

"እኔስ?"

ቀለም ማደል ጀመርኩ። "ሂዱ፤ በሰፈራችን ከሁሉ አብልጣችሁ የምትወዱት ነገር ላይ አንዳንድ ክብ አድርጉና ኑ!" ቀለሙ ውኃ የሚያስለቅቀው ቢሆን ጥሩ ነበር። ሱቁ ውስጥ የተገኘው ግን የብረት በር ቀለም ነው፤ ባለሱቁም "የእኛ አገር ክረምት እንኳ አይነካውም" ብሎ ምሎልኛል። ልጆቹ እጃቸው ቀልቶ ሲመለሱ የት እንዳደረጉት አልጠየቅኋቸውም። የሠዓሊን ነፃነት አከብራለሁ... እውነቱን ለመናገር ደግሞ ርቦኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እትዬ የሺ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። እትዬ የሺ ከእኛ ሦስተኛው ቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያች የጭቃ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በአጥሩ ላይ ያጋደለውን ኮክ ያልበላ የሰፈር ልጅ የለም፤ እሳቸውም "ቅርንጫፉን እንዳትሰብሩ" ከማለት ሌላ ክፉ ወጥቷቸው አያውቅም። አሁን መንገድ ዳር ያለው ግድግዳቸው ላይ ሰባት ቀይ ክብ ተደርድሯል። ታናሽ ወንድማቸው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ምስማር ይነቅላል!

ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እኛ ዘንድ ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ከታየ መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ቤቱም ሊፈርስ ነው። ይህን አላውቅም ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? አውቅ ነበር። መጽሐፉ ነው ያስረሳኝ።

"አንድ ምልክት አይበቃም? ይቺን ጎጆ ሰባት ጊዜ ሊያፈርሷት ነው?" ይላል አንዱ።

"እትዬ የሺ፣ እባክዎ ምስማሩን ያስቁሙት!" አልኩ እየተጋፋሁ።

"ዶዘሩ እስኪጨፈልቀው ልጠብቅልህ? ቆርቆሮዬን እንኳ ላትርፍ እንጂ!" አሉ።

"ይሄ እኮ... የጃፓን ጥበብ ነው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"መንገዱን የሚሠራው ጃፓን ነው?" አሉ እትዬ የሺ።

አለቀልኝ! "ጃፓን ከሆነማ አይቀርም!" አለ አንዱ። "የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይሄዱም" አለ ሌላው። ጣሪያው ላይ ያለው ወንድማቸው ይህን ሲሰማ እጁን አፈጠነ። ጎረቤታችን አቶ ሙላት ደግሞ እጅጌዬን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝና "የኔን ቤት ለምን ዘለላችሁት? ምትክ ቦታ ለእሷ ብቻ ነው?" ብለው አፈጠጡብኝ።

"መንገድ አይደለም! ሠዓሊ ነው። የሚወደው ነገር ላይ ነው ክብ የሚያደርገው።"

"ታዲያ ወዶት አይደል የሚወስደው!" አሉ እትዬ የሺ።

ይህን ያህል መጽሐፍ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ መልሱን ያመጣችው ሶስና ናት። በሰዉ እግር መሐል ሾልካ ገብታ ነጠላቸውን ያዘች።

"እትዬ፣ እኛ ነን። አባዬ 'የምትወዱት ነገር ላይ አድርጉ' ሲለን ሁላችንም እርስዎ ቤት መጣን። ተመካክረን አይደለም..." ማልቀስ ጀመረች።

እትዬ የሺ ወደ ግድግዳው ዞረው ክቦቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው።

"ሰባታችሁም?"

"ሰባታችንም።"

ወንድማቸው የወጣበት መሰላል ታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቀና ብለው ጮኹ። "አንተ! ምን ትጎለጉላለህ? የነቀልከውን መልሰህ ምታ!"

ያን ቀን ምስማር ሳቀብል ዋልኩ፤ ሁለት ጊዜም አውራ ጣቴን ተመታሁ። በማግስቱ ክቦቹን ላጠፋ ኖራ በባልዲ በጥብጬ ሄድኩ። እትዬ የሺ ዱላቸውን አጋድመው መንገድ ዘጉብኝ።

"የልጆቼን ሥራ አትንካ!"

"እትዬ፣ ነገ እውነተኛው መንገድ አስፊ ቢመጣስ? ምልክቱን አይቶ ቤቱን ቢያፈርስብዎትስ?"

"ይምጣ! ሰባቱን ሲያይ 'በዚህች ቤትማ ሰባት መሥሪያ ቤት ተጣልቶባታል' ብሎ ጥሏት ይሄዳል።"