የሰው ለቅሶ

በየከተማው፣ በየሰፈሩ፣ የማታውቀውን ሟች ከባለ ለቅሶው በላይ የምታለቅስ አንዲት ሴት አለች። እግዜር ሰፈር ሲቆረቁር መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ የውሃ ቧንቧውን ሳያስቀምጥ አይቀርም።

ናዝሬት ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ወይዘሮ ሸዋወርቅ ነበሩ። ዘመኑ ሰውን ሁሉ ጓድ አድርጎታልና ጎረቤታቸው አሰለፈች በሌሉበት "የሙሾ ሊቀ መንበር ጓድ ሸዋወርቅ" ትላቸው ነበር። የእድሩ ጡሩምባ ሳያባራ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ ይላሉ። "እስቲ ልድረስላቸው!" ለማን? አንዳንዴ የሟቹን ስም የሚጠይቁት መንገድ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ የልጅ ልጅ ላዩ ሽማግሌ "ሳይዳር ሳይኳል!" ብለው ደረታቸውን ደቁ፤ የሟቹ ልጆች ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ። ሌላ ጊዜ ሞጆ ድረስ በባቡር ሄደው የተሳሳተ ድንኳን ገቡ። ለቅሶው ስለደመቀ ማንም ውጡ አላላቸውም።

ጉዱ ደግሞ ከለቅሶ ሲመለሱ ነው። ከሰርግ የመጡ ይመስላሉ፤ ያወራሉ፣ "የተረፈ ሽሮ የለም?" ይላሉ። ሰው ያልሞተበት ሳምንት ግን ከሲታ ይሆናሉ። እንቅልፍ አጥተው ሲንጎራደዱ አሰለፈች በግድግዳው በኩል ትሰማቸዋለች። ደረታቸውን ጫን አድርገው "እዚህ ጋ ድንጋይ ተቀምጧል" ይላሉ። ጤና ጣቢያ "ነርቭ ነው" ብሎ ክኒን ሰጣቸው።

"ክኒን ምን ያደርግላቸዋል? ሬሳ ይዘዙላቸው እንጂ!" አለች አሰለፈች። ቀልዱን ወድዳው ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ የሚኖሩት ከሴት ልጃቸው ጋር ነው። ወንድ ልጃቸው ንዋይ ቡልቡላ ያስተምራል። ለምን አይመጣም? "ሥራ በዝቶበት።" ያ ሥራ ሁለት ክረምት ሲያልፍም አልቀለለም።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ጋሪ ነጂው አቶ ጉደታ ዐረፉ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞልቷል። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ንፍሮ ይቅማል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሙሾ ያወርዳሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ።

"ሳይዳር ሳይኳል!" አሉ እንደ ልማዳቸው። አሰለፈች ከሳቅ ጋር ትታገላለች።

"አፈር እንኳ ሳላለብስህ፣ ንዋይዬ! ንዋይዬ!"

አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አሰለፈች ያኔ ገባት። ንዋይ ቡልቡላ የለም። ንዋይ የትም የለም። "ፀረ አብዮት" ተብሎ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነው፤ እናት በቤቷ እዬዬ ካለች የተረፈችው ልጇም ትወሰዳለች። እኚህ ሴት ይህን ሁሉ ጊዜ የገዛ ልጃቸውን በሰው ድንኳን ሲያለቅሱ ነበር።

"ንዋይ ማነው?" አለ ጥበቃው ንፍሮውን ትቶ።

መልሱ የመጣው ከባለ ለቅሶዋ፣ ከጉደታ ሚስት ከእማማ ጫልቱ ነው።

"ባሌ ነዋ! እኔ ያወጣሁለት ስም ነው። ሴት ባሏን በስሙ ትጠራለች እንዴ? ያንተ እናት አባትህን በስሙ ነው የምትጠራው?"

"እውነታቸውን ነው" አሉ ሽማግሌዎቹ። ጥበቃው አፍሮ ወደ ንፍሮው ተመለሰ።

ከሁሉም ቀድማ አሰለፈች ተነሳች። "ወይኔ ንዋይ!" አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ሬሳው የት እንደወደቀ የማይታወቅ ልጅ እስኪመሽ ድረስ በስሙ ሲለቀስለት ዋለ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ። ያን ሌሊት ከግድግዳው ወዲያ ኮቴ አልተሰማም።

በሰልስቱ እማማ ጫልቱ የወይዘሮ ሸዋወርቅን ነጠላ ያዝ አደረጉ።

"እትዬ፣ የኔ ሽማግሌ እኮ እስካሁን አልተለቀሰለትም።"

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ተነሡ። ሳይዳር ሳይኳል አላሉም። "ጉደታ!" ብለው ጀመሩ፤ "የባለ ቀይ ፈረሱ! ዝናብ ሲመጣ አሮጊት በነጻ የሚያሳፍረው!" ድንኳኑ የተተከለለትን ሰው ራሱን ሲያለቅሱ አሰለፈች ስትሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

የክኒኑን ቀልድ ከዚያ ወዲህ ከአፏ የሰማ የለም። ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ግን ተሽቀዳድማ ግድግዳውን ታንኳኳለች።

"እትዬ ሸዋ፣ ይነሱ! እንድረስላቸው።"